በጎቹን የሸፈንኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ፎቶውን ሸፍኜ ገጼ ላይ ለጠፍኩት። እስቲ አሁን የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ብርሃኔ ምን ታመጣ እንደሆነ አያለሁ! ባለፈው የተገለበጠውን መኪና እንዳለ ስለጥፈው ፎቶ ቤቴ ድረስ መጥታ ተቆጥታኛለች። ልጇ አይታው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም አሉ። ሰው ምን ሊያይ እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነው።

የዛሬው ፎቶ ከጉና ነው። ትናንት ለመሬት ደብተር የሚሆን ጉርድ ፎቶ ላነሳ ወጥቼ ነበር። ልክ ከመድረሴ በፊት መብረቅ ወርዶ የአንዲት እናት ዐሥራ አንድ በጎች ገድሏል። ከቤታቸው ፊት በረድፍ አጋድመዋቸው፣ ጎረቤቱ እጁን በራሱ ጭኖ ቆሟል። የበጎቹ ባለቤት እማማ ታንጉት ደንግጠው ከቤት ገብተው ተኝተዋል ስላሉኝ አላየኋቸውም።

በጎቹንም ሰዎቹንም አደበዘዝኳቸው፤ ጥርት ብለው የሚታዩት ሲከፍቱት ነው። ከላይ የቤቱ ቆርቆሮና አረንጓዴው በር ብቻ ይታያል። ከሥሩ «አስደንጋጭ ምስል ነው። ልባችሁን አጽንታችሁ ክፈቱት» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋ ሆንኩ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ገባሁ!

ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከማላውቃት ልጅ መልእክት መጥቷል። «እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። እናቴ ናት ወይ?» ይላል። እናኑ ትባላለች፤ የእማማ ታንጉት ልጅ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ያንን ቆርቆሮ ያስከደነችው እሷ ናት። ቤቷን አወቀችው፤ ከሥሩ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ልባችሁን አጽኑ ተብሏል። ሌላ ምን ታስብ?

ወዲያው ደወልኩላት። በጎች ናቸው፣ ለምን አልከፈትሽውም አልኳት። «እናቴን እንዲያ ሆና ልያት?» አለችኝ። እየሰማኋት ከፈተችው። ከዚያ፣ በጎቹን የምትጠብቀው እናቴ እኮ ናት፣ እሷ የታለች አለች።

የእናቷ ስልክ ዝግ ነው። ወንድሟ «ደህና ናት» ይላል። ይኸው ቃል ነው ያስፈራት። እኔንም ያስፈራኛል። ዐረብ አገር ሳለሁ አባቴን ስምንት ወር ሙሉ «ደህና ነው» ሲሉኝ ከረሙ። ቀብረውት ነበር። ያወቅኩት አገሬ ገብቼ፣ ዘመዶቼ መናኸሪያ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ነው። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እናኑ ቅዳሜ ማዳሟ ገበያ ስትወስዳት ጠፍታ ወደ እናቷ ልትመጣ ነው። ፓስፖርቷ በማዳሟ እጅ ነው። እንዲህ የጠፉ ልጆች የት እንደሚደርሱ አይቻለሁ። እስከ ዓርብ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት።

እናትየዋን እኔም በዓይኔ አላየሁም። እኔንስ ዋሽተውኝ ቢሆን? ፎቶውን ላጥፋው ብዬ ተውኩት፤ ካጠፋሁት አንድ ነገር ቢኖር ነው ትላለች። ነገ ጉና እወጣለሁ። የቀጠርኳቸው ደንበኞች ይቆጡ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አሉ! እማማ ታንጉት አሉ!

መኪናው ካወረደኝ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ሄድኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን በልቷል። ስደርስ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ሳያቸው ጊዜ እንባዬ መጣ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። ለቅሶዬን ሳልጨርስ ሳቄ መጣ።

ስልካቸው የተዘጋው በዚህ ደመና ሶላሩ አልሞላ ብሎ ነው። ለእናኑ ምንም እንዳይነገራት ወንድሟን ያስጠነቀቁትም ራሳቸው ናቸው። «በሰው አገር ልጄ እንዳትደነግጥብኝ ብየ ነዋ!» ይላሉ። ልጅዎ ልትጠፋ ነው ስላቸው ድንቹንም ቢላውንም ጥለው ተነሡ። ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ከኔ ቀድመው ወጡ።

በቪዲዮ ደወልን። እናኑ ከማድ ቤት ሆና አነሣች። አታለቅስም፤ ታያቸዋለች እንጂ። እጅሽን አሳዪኝ አለቻቸው፤ አሳዩ። እግርሽን አለች፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አሳዩ። ዙሪ አለቻቸው፤ ዞሩ። «አሁንስ ጥርሴንም ቁጠሪልኝ!» ሲሉ ነው ልጅቱ የፈነዳችው። እሳቸውም አለቀሱ። እኔ ስልኩን ይዤ ከሁለቱ ብሼ አለቀስኩ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

ከመመለሴ በፊት ፎቶውን እንዳለ አሳይቼ፣ እንደተለጠፈ ይቆይ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰኞ መጠየቅ ነበረብኝ። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ ይቆይ፣ ሰውም አይቶ ይዘንልን አሉ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጠዋት ጽሑፉን ቀየርኩት። «በመብረቅ የሞቱ በጎች ናቸው። ሰው አልተጎዳም። የሞተ ከብት ማየት የሚከብደው አይክፈተው።» የሸፈንኩትም በጎቹን ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ቆመው ይታያሉ። ይህችን ሁለት መስመር ማክሰኞ ብጽፋት ምን ነበረበት? ሸፍኖ ዝም ማለት ማስጠንቀቅ መስሎኝ ነበር። ሲስተር ብርሃኔ አየችውና «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አለችኝ። ሰው ለመሆን ጫማዬን ከፍያለሁ አልኳት።

ከሰዓት እናኑ ድምጿን ላከች። አትጠፋም። ቅዳሜ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፤ የቀራትን አምስት ወር ጨርሳ አገሯ ትመጣለች። እፎይ! ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

መጨረሻ ላይ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «እናቴ የሞተች ቀን አትለጥፊ፤ ደውለሽ ንገሪኝ። እነሱ ይደብቁኛል።»

ዘመዶቿ ይቀየሙኛል። እማማ ታንጉትም ቢሰሙ አይወዱልኝም። እሺ አልኳት።