ወደ በር የዞረ ጫማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኮሄይ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የማሪኮ የወገብ ሕመም ለቀቅ አደረጋት ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሳፖሮ በዚህ ወር እንኳ ማታ ማታ ይበርዳል ትላለህ፤ እኛን ሙቀቱ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎናል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ አልታመምኩም ለማለት ነው።

ለቦን በዓል ስትመጡ የምታርፉበት ክፍል ፈልጊልን ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። "ቤት መጥተን እንዳናስቸግርሽ" ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚያስቸግረኝ ሰው ጠፍቶ ከሬዲዮው ጋር ነው የምጨቃጨቀው። ቢሆንም ታላቅ እህትህ ነኝና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከጀልባ ማቆሚያው ጎን ወደተሠራው አዲሱ ሆቴል ነው። አልጋው ጥሩ ነው፤ ባሕሩም ይታያል፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም። የባሕሩን ሽታ ሳያሸቱ ባሕር ዳር ከረምኩ ማለት ምን ይሉታል! ከዚያ ለእንግዳ የሚከራየውን የድሮ የመጠጥ ነጋዴ ቤት አየሁ። እሱ ደግሞ ደረጃው ገደል ነው፤ ማሪኮ በዚያ ወገቧ አትወጣውም።

የቀረው እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት የእትዬ ፉሚ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እዚያ ያደረግኩትን ልንገርህና ሳቅብኝ። በሩ ላይ እንግዶቹ ሲገቡ ያወለቁት ጫማ ተዝረክርኮ ሳይ እጄ አላስቻለውም፤ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አፍንጫውን ወደ በሩ አዞርኩት። "እንግዳ ሲወጣ ጫማው ቆሞ ይጠብቀው" እያለች እማዬ ያስለመደችን ነው። ይህን ጊዜ አንድ ሰውዬ ከኋላዬ "እናት፣ እስቲ ሻይ ወደ ላይ ላኪልን" አይለኝ መሰለህ! ወሰድኩላቸዋ። ምን ላድርግ? የሚፈልገኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

እትዬ ፉሚ ትሪውን በእጄ ሲያዩ በሳቅ ሞቱ። "አንቺ! እናትሽ ናት ብዬ ደነገጥኩ እኮ! ሙታን የሚመለሱት ለቦን አይደል እንዴ፣ ምነው ቸኮለች?" አሉኝ። ክፍል ለማን እንደምፈልግ ስነግራቸው ግን ሳቁ ቀረ። "ኮሄይ እኔ ጋ ሊያድር? የእናቱ ቤት እዚህ ማዶ እያለ? ደግሞ ከሞተች የመጀመሪያ ቦኗ ነው! ምስኪን፣ መንገድ እንዲያሳያት በሩ ላይ የሚሰቀለውን ነጭ ፋኖስ አይታ ቤቷ ስትደርስ አንቺን ብቻ ልታገኝ ነው?" አሉኝ። "ሚስቱ ወለል ላይ መተኛት አትችልም" ብዬ ትሪውን መወልወል ጀመርኩ።

ክፍሉን እዚያው ይዤላችኋለሁ። ምድር ቤት ነው፤ አልጋ አለው፤ መስኮቱም ይከፈታል። ሐሳባችሁን ብትለውጡ ግን እትዬ ፉሚ አልቀየምም ብለዋል።

እኔ ደግሞ ሳትነግረኝ ፍራሾቹን ፀሐይ አስመትቻለሁ፤ ያንተንም የልጆቹንም። ጎረቤታችን አቶ ኢናዳ ትርፍ አልጋቸውን ለማሪኮ ሊያውሱኝ እሺ ብለዋል። ኮሄይ፣ እባክህ አስቸግሩኝ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ያንን ነጭ ፋኖስ ብቻዬን መስቀል ፈርቻለሁ።

አንተ ቤት ስትመጣ እማዬ ያንተን ጫማ ብቻ ታዞረው እንዳልነበር አስተውለህ ታውቃለህ? የሁላችንንም ወደ በር ታዞርና ያንተን እንዳወለቅከው ትተወው ነበር። አንድ ቀን ረስታው መስሎኝ ላዞረው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተዪው፤ ሲሄድ እሱን እስኪያዞር እንኳ ትንሽ ይቆይልኝ" አለችኝ።

ማሪኮን እንዴት ነሽ በልልኝ፤ ወገቧን እንዳይበርዳት። ጹሙጊን ጉንጯን ሳምልኝ። የወንድሟ የሬን እግር የት እንደደረሰ ለክተህ ላክልኝ፣ የቤት ነጠላ ጫማ እገዛለታለሁ። የትም ብታድሩ መጀመሪያ ቤት ግቡ። የማሪኮንና የልጆቹን ጫማ በወጉ ወደ በር አዞራለሁ። ያንተን ግን አልነካውም።

እህትህ ቺዙሩ
ቶሞ ወደብ፣ ሐምሌ 18 ቀን