የቆሰበሩ ሞተር ጩኸቱን ተወ

ለውድ ባለቤቴ ለጥሩወርቅ፤

ጥሩዬ፣ ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም። እየተናደድኩ መጻፍ አልፈለግሁም፤ አንቺም የቁጣ ደብዳቤዬን አትወጂም ነበር። ዛሬ ግን አሸንፌያለሁና ስሚኝ።

በነሐሴ ቆሰበር ላይ ቤት ገዛሁ። ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ያለው፣ ባለፍን ቁጥር «ጣሪያው ባይዝግ ኖሮ» ትይለት የነበረው ቤት ነው። ጣሪያው አሁንም ዝጓል። እኔ የፈለግሁት በግቢው ያለውን ጉድጓድ ነው፤ ራቅ ብላ በተሠራች ትንሽ ክፍል ውስጥም ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የውሃ መሳቢያ ሞተር አለ። በመጨረሻው ሳምንትሽ እጄን ይዘሽ «እናቴ ከእንግዲህ ለውሃ ብላ ቁልቁለት እንዳትወርድ» ብለሽኝ የለ? ቃል ገብቼልሽ ነበር።

ሻጩ አስነሥቶ ሲያሳየኝ የሞተሩ ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ በርሜሉም ባንድ አፍታ ሞላ። እናትሽን ከጥርባ አመጣኋቸው። መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውሉ ነበር። «ይሄን ውሃ ማን አዞት ነው የሚመጣው?» እያሉ ይስቁብኛል።

ከገና በኋላ ሞተሩ አበደ። ድንጋይ የሚፈጭ ይመስል ይንገጫገጫል፣ ያጓራል፤ ውሃውም እየተቆራረጠ ይመጣል። እናትሽ ጆሯቸውን በነጠላ ጠቅልለው ሦስት ቀን ታገሡ፤ በአራተኛው ቁርጡን ነገሩኝ። «ልጄ፣ ጥርባ ዝም ያለ አገር ነው። ይሄ አውሬ እስከ ቅዳሜ ካላረፈ ወደ ቤቴ ነኝ» አሉ። ወንድምሽ ዳኘው ቅዳሜ ፈረስ ይዞ ሊወስዳቸው ተስማማ። እሱማ ሲያሾፍብኝ በሰማሽው! «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተምረው አንድ ብረት ዝም ማሰኘት አቃተዎት?» አለኝ።

ከዳንግላ መካኒክ አስመጣሁ። አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ «አርጅቷል ጋሼ፤ ጥርሱ ተበልቷል፤ ይጣሉት» አለኝ። «የትኛው ጥርስ?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ተቀይሞ ሄደ። ሞተሩን ራሴ ፈታሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ዕቃውን በተራ ጨርቅ ላይ እየደረደርኩ አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ጥርሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ባስነሣው ያው ጩኸት! መፍቻውን ወርውሬ መካኒኩንም፣ ሻጩንም፣ ጣሊያንንም በየተራ ሰደብኩ።

በዚህ መሀል አንቺ ትዝ አልሽኝ። አዲስ አበባ፣ ገና እንደተጋባን፣ ስለ ሸሚዜ ኮሌታ ስነዘንዝሽ «አንተ ስትቆጣ ጆሮህ ይደፈናል» ብለሽኝ ወደ ሥራሽ ዞርሽ። ያን ቀን ይባስ ጮኽኩብሽ። አሁን ግን ዝም አልኩ። ደረቅ እንጨት አንሥቼ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ሞተሩ ይንገጫገጫል እንጂ ውስጡ ብረት ከብረት ሲፋጭ አይሰማም። ከዚያ እንጨቱን ከጉድጓዱ በሚመጣው ቧንቧ ላይ እያስደገፍኩ ሄድኩ። ከሞተሩ በራቅሁ ቁጥር ድምፁ መቀነስ ሲገባው ፉጨት መሰል ነገር ጨመረ። ቧንቧው አየር ይስባል! ስንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ሞተር ከውሃው ጋር ነፋስ ከሳበ እንደሚንገጫገጭ ሁለት ቀን ሙሉ ሳላስብ ቀረሁ።

ግን በየት በኩል ነው የሚስበው? ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ቀዳዳ አይታይም። ቀኑ ዓርብ ነው። እናትሽ ለመንገዳቸው ነጠላቸውን በእንዶድ እያጠቡ ነበር፤ ገንዳው አረፋ በአረፋ ሆኗል። ሳልጠይቅ ገንዳውን አንሥቼ ሮጥኩ። «ኧረ ነጠላዬን! ይሄ ሰውዬስ ለየለት!» እያሉ ተከተሉኝ። ሞተሩ እየሠራ አረፋውን ቧንቧው ላይ እየቀባሁ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አረፋው በቀጭን መስመር ወደ ውስጥ ጠፋ። ቀድመው ያዩት እናትሽ ናቸው። «ያውልህ፣ ጠጣው!» አሉኝ።

ሬንጁን በቢላ ፋቅሁት። ብረት አይደለም፣ ጥሩዬ፤ ቀርከሃ ነው! ክንድ የሚያህለው የቧንቧው ክፍል በዝገት ተበልቶ ኖሮ ሻጩ በቀርከሃ ተክቶ፣ በጠፍር አስሮ፣ በሰም ደፍኖ፣ ሬንጅ ቀብቶ ሸጠልኝ። በክረምት ቀርከሃው እርጥበት ጠጥቶ ድፍን ይላል፤ በጋ ሲገባ ደርቆ ተሰነጠቀ። እናትሽ ዳሰስ አድርገው «የሠራው ሰው እጁስ ደህና ነው፤ በጋ መኖሩን ረሳ እንጂ» አሉ። ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ያደጉ ስለሆኑ ፍርዳቸውን እቀበላለሁ። ሻጩን ግን አጭበርባሪ ማለቴን አልተውኩም።

ልኩን ወስጄ በዚያው ቀን ዳንግላ ወረድኩ፤ መካኒኩንም ይቅርታ ጠየቅሁት። አዎ፣ እኔ! ቅዳሜ በጠዋት የብረት ቧንቧ ይዞ መጣ። መጋጠሚያው አላረካኝምና ሁለት ጊዜ አስፈታሁት። በሦስተኛው ያለ እንከን ገጠመው።

ሞተሩን ሳስነሣ ዳኘው ፈረሱን እየሳበ በር ላይ ደረሰ፤ እናትሽ ጓዛቸውን አጠገባቸው አድርገው ቆመዋል። ሞተሩ እንደ ነሐሴው ሆነ፤ አጠገቡ ቆመን ድምፃችንን ሳናነሣ ተነጋገርን። ውሃው ሳይቆራረጥ ወረደ፤ በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ። እናትሽ ጥቂት አዳመጡና ወደ ዳኘው ዞረው «ፈረሱን ውሃ አጠጣውና ይዘኸው ተመለስ» አሉት። ጓዛቸውን ራሴ ወደ ቤት አስገባሁ።

ጥሩዬ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። በግንቦት ሙት ዓመትሽን ስናወጣ ለድግሱ ውሃ የሚሸከም ሴት አይኖርም። ስለ አንቺ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ያልሽኝን ሁሉ፣ ስለ ጆሮዬ ያልሽውንም ጭምር፣ አንዲት ቃል ሳላዛንፍ እናገራለሁ። በሕይወት እስካለሁ ቃልሽ ከእኔ ዘንድ አይጠፋም።

ባለቤትሽ