ከዛፎቹ ጋር ስለወደቀው ቃልዎ

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። አዲሱ የመኪና ማቆሚያ ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ ስለመጣልዎ፣ ጫማዎ ጭቃ ሳይነካው ውለው እንደሚገቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ፣ ነርሶቹ «መንገደኛው» የሚሉት በሽተኛ ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ ይህን ስም ያገኘው በትልልቆቹ ዛፎች ሥር በሚጠማዘዘው የእግር መንገድ ሲመላለስ ስለሚውል ነበር። ግቢውን ድሮ የነደፉት ሰው መንገዱን ያጠማዘዙት በሽተኛ ሄዶ ሄዶ ከግንብ ጋር እንዳይፋጠጥ ነው፤ አጥሩንም ጥልቅ ቦይ አስቆፍረው እዚያ ውስጥ ስለደበቁት፣ ከመስኮት የሚታየው ሜዳና ሰማይ ብቻ ነበር። ይህን ያስረዱን እርስዎ ነዎት፤ በቤተሰቦች ስብሰባ ላይ፣ ያውም ድምፅዎ እየተንቀጠቀጠ። «ይህ ግቢ ራሱ መድኃኒት ነው፤ እኔ እያለሁ አንድ ቅርንጫፍ አይነካም» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ የተጠራጠሩትንም እናቶች «እኚህ ሰው ቃላቸውን አያጥፉም» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራው ይቀበሉኝ።

አንደኛ፦ ዛፎቹን ለመኪና ማቆሚያው ሲሉ ያስቆረጡት ጠያቂ በማይገባበት ቀን በመሆኑ፣ ለልባችን ስላሰቡ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ግን እዚያው ነዋሪ ነው። መጋዙ ሲጮኽ የመስኮቱን ብረት ይዞ «ምን አጥፍተው ነው?» እያለ ስለ ዛፎቹ ሲጠይቅ መዋሉን ነርሷ ነገረችኝ።

ሁለተኛ፦ ቦዩን አስደፍነው የቆርቆሮ አጥር ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። በሽተኞቹ የታጠሩ መሆናቸውን መዘንጋት ጀምረው ነበር።

ሦስተኛ፦ ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎ፣ ከወንበርዎ እንኳ ሳይነሱ «እህቴ፣ ያ እኮ የስብሰባ ንግግር ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ንግግር ዓይነት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ወንድሜ አሁን ወደ ግቢው አይወጣም። ቀጥ ባለው ኮሪደር ላይ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይመላለሳል። ሐኪሙ አዲስ የሕመም ምልክት መስሎት መድኃኒት ጨመረለት። እኔም ስመጣ ክንዱን ይዤ አብሬው እጠማዘዛለሁ፤ የሚያዩን እንግዶች ሁለታችንንም በሽተኛ ያደርጉናል። ያድርጉን።

ያጨበጨበችበት መዳፏ እስከ ዛሬ የሚያቃጥላት፣
ፍጹም አክባሪዎ፣
የመንገደኛው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዋናው በር ያሰቀሉት አዲሱ ሰሌዳ እጅግ ያምራል፤ ዛፎቹም መንገዱም በፎቶው ላይ አሉ። ባለፈው ጥርሱን ላሳክመው ይዤው ስወጣ፣ ወንድሜ ሰሌዳው ፊት ቆሞ «በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። መግባት፣ ቃል መግባትም ቢሆን፣ የሚያውቁበት እርስዎ ስለሆኑ፣ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።