የአሞናዊው አልጋ

ኤሉል 3
የመቅደሱን ዕቃ ቤት በር ከፈትኩ። በሩን ዘጋሁ። እህሉ ደህና ነው፣ አይጥ የለም። ሚስቴ ቲርጻዬ ከሞተች ስድስት ዓመት... ዛሬም በድንጋዩ ጉድጓድ የሚዞረውን የበሩን እግር ዘይት የማጠጣው እሷ እንዳሳየችኝ ነው፤ በጣት፣ ትንሽ ትንሽ። የውጭውን ደጅ የሚጠብቀው ጣልሞን "ገል ላይ ምን ትጭራለህ?" አለኝ። ምን አገባው? አሥራት ሲገባ የምጭራት ፊደል ለኔም ትበቃለች።

ኤሉል 8
የዕቃ ቤቱ ሹም፣ ካህኑ፣ መጣ። "ሽማግሌው፣ ክፍሉ ይለቀቅ።" ለማን? ለዘመዱ፣ ለአሞናዊው ጌታ። ከተማ ሲመጣ ማረፊያ ይሁነው አለ። ባዕድ በመቅደሱ ግቢ... የኛን የሌዋውያንን ድርሻ፣ እህሉን ዘይቱን፣ ጠርገው አወጡት። ወዴት እንደሄደ እንጃ። ኧረ አውቃለሁ። ካህኑ ቤት።

ኤሉል 9
አልጋ አመጡ። እግሩ የዝሆን ጥርስ። በበሩ አልገባ አለ። አሽከሮቹ መቃኑን በመዶሻ ሊሰብሩት ተነሱ። የኔን መቃን? "ወግዱ፣ እናንተ ደነዞች!" አልኩ። ዘይት አፈሰስኩ፣ በሩን በግራ በኩል ስንዝር ከፍ አደረግሁና ከድንጋዩ ጉድጓድ ከነእግሩ ነቀልኩት። አልጋው ገባ። አጨበጨቡልኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ሞኙ።
ቤቴ ስደርስ ነው ያቃጠለኝ። ምን አደረግሁ?

ኤሉል 26
ድርሻ የለም። መዘምራኑ ወደ እርሻቸው ሄዱ። ጣልሞንም ሄደ። "ና እንሂድ፣ በባዶ ሆድ በር አይጠበቅም" አለኝ። "ሂድ ሽንኩርትህን ጠብቅ" አልኩት።

ቲሽሪ 12
ልጄ ይስካ ከመንደሯ፣ ከነጦፋ፣ መጣች። በለስና ቆሎ ይዛ።
"አባዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? የሰው አልጋ ትጠብቃለህ?"
በለሱን በላሁ። ወሩ እስኪያልቅ ብቻ ልቀመጥ፣ ከዚያ እመጣለሁ አልኳት።
"ቃልህ ነው?"
"የሌዊ ልጅ ነኝ።"
"እሱማ ካህኑም ነው" ብላ ሳቀች። የእናቷ ምላስ።

ቲሽሪ 28
ጓዜን ጠቀለልኩ። ለበሩ የመጨረሻ ዘይት አጠጣሁ። ነገ ነጦፋ... አርባ ዓመት በር ጠብቄ ጎመን ልኮተኩት።

ቲሽሪ 29
አልሄድኩም። ወደ ንጉሡ ሄዶ የነበረው የአገሩ ገዢ ሳይታሰብ ተመልሶ መጣ። ክፍሉን አየና ፊቱ ጠቆረ። ምንጣፉን፣ ወንበሩን፣ የሽቶውን ማሰሮ ራሱ እያነሳ ወረወረ። ካህኑ ከኋላው "ጌታዬ ቀስ፣ የእንግዳ ዕቃ ነው" ይላል። አንድ ትራስ አናቱ ላይ አረፈ። ሳቄን በእጄ አፈንኩ።
አልጋው ግን አልወጣ አለ።
"ይሄ እንዴት ገባ?" አለ ገዢው።
ካህኑ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬት። ዝም ብል ማን ያውቃል? አሽከሮቹ ሸሽተዋል። ካህኑስ ምን ብሎ ይናገራል? እውነቱን ብናገር ደግሞ ገዢው በሩን ይቀማኛል... ቀና ስል በሩ በዘይቱ ያብረቀርቃል።
"በሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እንዳይሰብሩብኝ ብዬ።"
"ለመቅደሱ ሳይሆን ለበሩ አዘንክ?"
"አዎ። ያን ቀን ለበሩ።"
"በል እንግዲያው ንቀለው" አለ።
ነቀልኩት። አልጋው ወጣ። ከዚያ መልሰህ ግጠመው አለኝ፣ ሌላ ሰው አልጠራም። ገሉ አለቀ...

ካሴሉ 6
ክፍሉ ታጥቦ ነጻ። እህሉ፣ ወይኑ፣ ዘይቱ ይገባል። ካህኑ ተሻረ፤ በቦታው የታመኑ ሰዎች ተሾሙ። ዛሬ በደጄ ሲያልፍ ሰላም አለኝ። መለስኩ። አልተነሳሁም።
ጣልሞን ተመለሰ። "ሽንኩርት ትሸታለህ" አልኩት።

ካሴሉ 11
ይስካ መጣች። "ቃልህስ አባዬ?" አለች። በሩን ከፍቼ አሳየኋት። እህሉ እስከ ጣሪያው። "አሁን የማንን አልጋ ነው የምጠብቀው?" አልኳት። በተራዋ እሷ ያመጣችውን በለስ በላች።
ከሄደች በኋላ መሰላል አቆምኩ። በበሩ አናትና በመቃኑ መሀል የወይራ ሽብልቅ መታሁ፣ እንዳይነሳ። ዘይት አፍስሼ ልነቅለው ሞከርኩ። እንደገና ሞከርኩ። ለኔም እምቢ አለኝ።
እንዴት ደስ አለኝ።