ለእማዬ የላክኸው ዱቄት

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ዓለም ኢልያስ። ጤናህ እንዴት ነው? የኮሪያ ብርድ፣ የፋብሪካው ሥራ፣ ያ የሚያምህ ወገብህ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጨርሰው ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እማዬ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልተነሣችም። ከቀጭን ሾርባ በቀር የሚወርድላት የለም፤ ክንዷን ብታየው ታለቅሳለህ። ሐኪሙ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ካላገኘች ያሠጋታል ስላለን ነው አንተም ያን በቆርቆሮ የታሸገ ገንቢ ዱቄት የላክኸው። አላህ ይስጥህ። ግን የኮሪያን ፊደል እዚህ ማን ያንብበው? ሐላል ይሁን አይሁን የሚያውቅ ጠፋ፤ እሷም ካልታወቀ አልቀምስም አለች።

እንዲህ የከረረችው ወዳ አይደለም። በኢድ ማግስት ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ብስኩት ይዘውላት መጡ። ሁዳዴ ስለሆነ እሳቸውም የሚበሉት ነው፤ ሥጋም ወተትም እንደሌለበት አጣርተው ነው የገዙት። የጾም ከሆነ ለእኛም ይሆናል ማለት ልማዳችን አይደል? እማዬ በሻይ እየነከረች ደስ ብሏት በላች። የአጎታችን ልጅ ፈትያ ግን የማሸጊያውን እንግሊዝኛ አንብባ፣ ማጣፈጫው አልኮል አለበት አለች። ምነው ዝም ባለች! እማዬ አፏን ደጋግማ ታጠበች፣ አለቀሰች። እትዬ ብዙነሽም ምን አበላኋት እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ሼሁ መጥተው፣ ሳያውቁ የበሉት ወንጀል የለበትም ቢሏትም አልተጽናናችም። ከዚያ ወዲህ የታሸገ ነገር በአፏ አልዞረም።

ቆርቆሮውን ይዤ ያልሄድኩበት የለም። ፋርማሲ ያሉት፣ እኛ የምናውቀው መድኃኒት ብቻ ነው አሉኝ። ሼሁም መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና፣ ያላወቅሁትን ሐላል ነው አልልም አሉኝ። ፎቶ እንዳልልክልህ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሰነበተ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ከእኔ ስልክ ወደ ውጭ አገር አይደወልም፤ አንተ ስትደውል ደግሞ እሷ አጠገቤ ናት። ሐላል ነው ብዬ ልዋሻትም አስቤ ነበር፤ ወላሂ ዓይኗን ሳየው ተውኩት። ኧረ ምን ይሻለኛል? ስትገዛው ጠይቀህ ነበር? እባክህ የሚያነብ ሙስሊም ፈልግና ቁርጡን ንገረኝ። በየቀኑ እያነሰችብኝ ነው።

ባለቤቴ ሙባረክ ከሱቅ ሆኖ ሰላም ይልሃል። ልጄ ኢክራም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ታደርቀኛለች። እትዬ ብዙነሽ ስምህን እየጠሩ ይመርቁሃል። እማዬም ጉንጭህን ስማሃለች። ደብዳቤ ስጽፍልህ አይታኝ፣ በልታዋለች፣ ተስማምቷታል በይው፤ ልጄ ቅር እንዳይለው ብላኛለች።

እህትህ ሶፊያ
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.