ከባሕር ማዶ የመጣችው ሙሽራ

መካኒሳ፣ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ በኃይሉስ ደኅና ነው? እንደምታዪው ስለ እሱም ጠይቄያለሁ፤ አልጠየቀም ለሚል ሰው ይህ ወረቀት ማስረጃ ይሁን። የለቡ መንገድ በክረምት ጭቃ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና ቦቲ ጫማ ግዙ። እኔ ከቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናትሽም ደኅና ናት፤ ከትናንት ወዲህማ ከሚገባው በላይ ደኅና ሆና ብቻዋን ትስቃለች። የምጽፍልሽ ስለ ቁርጭምጭሚቴና ስለ ሳቋ ነው፤ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው።

ከኅዳር ወዲህ አልተነጋገርንም። የዚያን እሑድ ነገር ሁሉም እንደፈለገው ስለሚያወራው በትክክል ላስቀምጠው። የበኃይሉ ሽማግሌዎች አራት ሰዓት እንመጣለን ብለው የመጡት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ቴሌቪዥኔ ላይ የማላውቀው አገር ጣቢያ መለያ፣ ያ ክብና መስመር ያለበት ምስል፣ ከነጽሑፉ ቆሞ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ምስል ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሰማዩ ሲፈቅድ ከሺህ ኪሎሜትር ወዲያ ተንጸባርቆ ይመጣል፤ ሰማዩ ሲከለክል ይሄዳል፤ ቀጠሮ አይቀበልም። የአገሩን ስም አንብቤ ልጨርስ ሁለት ፊደል ሲቀረኝ አቶ ቀጄላ ወንበራቸውን ሳቡና አንዱን የወንበር እግር የአንቴናው ሽቦ ላይ ተከሉት። ምስሉ ድርግም አለ። «ሽቦው!» አልኳቸው። «ሽቦው ይቆየን፣ እኛ የመጣነው ለትልቅ ጉዳይ ነው» አሉኝ። እኔ ብድግ ያደረግሁት ወንበሩን ብቻ ነው። አቶ ቀጄላ በወቅቱ ወንበሩ ላይ መሆናቸውን እኔ አላቀድኩትም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። እነሱ ይቅርታ ይጠይቀን አሉ፤ እኔ ሽቦውን ይቅርታ ይጠይቁ አልኩ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ «አባዬ፣ ለእኔ ስትል» አልሽኝ። እኔም ይቅርታ ካልጠየቁ ሠርጉ ላይ እግሬን አላነሣም አልኩ። ጥር 18 መጣ፤ እግሬን አላነሣሁም። አጎትሽ ቱሉ በእኔ ቦታ ቆሞ ዳረሽ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። ምንም አልመጣም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሥራዬም ተበላሽቷል። እኔ ጣራ ላይ አንቴናውን ሳዞር መስኮቱ ሥር ሆኖ «መጣ! ሄደ! ትንሽ ወደ ግራ!» የሚለኝ ሰው የለም። እናትሽን አቆምኳት፤ ልብስ እየተኮሰች፣ ስክሪኑን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «መጣ» ትላለች። ምን መጣ ስላት «የሚመጣው» ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ መጋቢት 6፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ የአገራችን ጣቢያ በማይጠቀምበት ቻናል አንድ ደካማ ምስል ብቅ አለ። ቀለም የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። መዝገቤ ላይ የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «ድንኳን። ብዙ ሕዝብ። መሃል ላይ ነጭ የለበሰች ሴት፤ ፊቷ አይለይም። አጠገቧ ከረባት ያነቀው ወንድ። ከፊት ረድፍ አንድ ባዶ ወንበር። ነጭ ለባሿ ወደ ወንበሩ አራት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ግምት፤ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት። የሚጠበቅ ባለሥልጣን ዘግይቷል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም በዚያው ሰዓት መጣ። በሦስተኛውም። ሰማዩ ቀጠሮ ማክበር ጀመረ ብዬ ተደነቅሁ፤ ከሽማግሌዎቹ ተሻለ። ያየሁትን በሰዓትና በደቂቃ ጽፌ፣ የእኛ ነው ብላችሁ አረጋግጡልኝ ብዬ ከባሕር ማዶ ላለው ጣቢያ ላክሁ። የሩቅ ጣቢያ የያዘ ሰው ወጉ ይኸው ነው፤ ያየውን ይጽፋል፣ ጣቢያው ማረጋገጫ ይልክለታል። በአክብሮት መለሱልኝ፤ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት የምናስተላልፈው የሕፃናት የሒሳብ ትምህርት ነው አሉ። የራሳችሁን ፕሮግራም እንኳ አታውቁም ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩላቸው። ከዚህም ጋር አንድ ቅዳሜ ያየሁትን አከልኩ፦ ሕዝቡ ሁሉ በድንገት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ ሰዎች ኬክ ከአፋቸው እያወጡ ሳህን ላይ መለሱ፤ የተቆረሰውም ቢላዋ ሲነካው ተመልሶ ሙሉ ኬክ ሆነ። ይህ ምን ዓይነት የቴክኒክ ሙከራ እንደሆነ እንዲያስረዱኝ ጠየቅሁ። ሁለተኛው መልሳቸው አንድ የቀን መቁጠሪያና መልካም ምኞት ነው። ጤና የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፈውታል።

በነዚህ ቅዳሜዎች እናትሽ ቤት አልነበረችም። ነጠላዋን ታጣፋና ለቅሶ ደርሼ መጣሁ ትለኛለች። በየሳምንቱ ለቅሶ! መካኒሳ ያለቀች መስሎኝ ነበር። አንድም ቀን ደግሞ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቻናሉን ላጣው ነዋ።

ምስሉ እንዲጠራልኝ አንቴናውን አምስት አምስት ዲግሪ እያልኩ አዞርኩት። የሚጠራው ግን ወደ ባሕሩ ሲዞር ሳይሆን ወደ አጥር ጎረቤታችን ወደ ሸዋረገድ ቤት ሲዞር ነው። ከኩሽናዋ ቆርቆሮ እየተንጸባረቀ ነው ብዬ መዘገብኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ለስሕተቱ ማብራሪያ አያጣም።

ትናንት ምስሉን ሳሎን ትቼ መፍቻዬን ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ። ዝናብ አባርቶ ቆርቆሮው ያንሸራትታል። አንቴናውን ላጠብቅ ጎንበስ ስል ከሸዋረገድ ቤት እልልታ ሰማሁ። በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየሁ። እናትሽ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ዴክ። ስክሪኑ ላይ ከደቂቃ በፊት ሳሎኔ ውስጥ ትቼው የመጣሁት ድንኳን። ድንኳኑ ለካ ሰማያዊ ኖሯል። ሙሽራዋ ቀና አለች፤ በቀለም ሳያት አወቅኋት።

መፍቻው ከእጄ አመለጠ፤ ቆርቆሮው ላይ እንደ ነጎድጓድ ተንከባለለ። ሸዋረገድ «ሌባ! ሌባ!» እያለች ወጣች። ቀና ብላ ስታየኝ «ውይ ጋሽ ሚሳኤል! በዚህ ዕድሜዎ የሰው ጣራ ላይ?» አለችኝ። የራሴ ጣራ ነው ብዬ ስጮህ እግሬ ተንሸራተተ፤ የራሴ ጣራም ጣለኝ። እናትሽ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። መትረፌን ካየች በኋላ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? «አንተ ሰውዬ፣ የባሕር ማዶ ሙሽራህ እዚህ ናት፤ በበር ገብተህ እያት» አለችኝ። ሸዋረገድ አጥሩን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ በሳቅ።

ነገሩ ቀላል ነው። ቪዲዮ ዴክ ማለት የታሸገ ምስል ነው፣ ቤቴ አይገባም ስላልኩ እናትሽ የሠርግሽን ካሴት ወደ ኋላ እያጠነጠነች ደጋግማ የምታየው እዚያ ነው። ሸዋረገድ ደግሞ ዴኩንና የጣራዋን አንቴና አንድ ላይ ቆላልፋቸዋለች፤ ስለዚህ አንቴናዋ መቀበሉን ትቶ ምስሉን ወደ ውጭ ይተፋል። ሽቦዋ እንዴት መታሰር እንዳለበት ነግሬያታለሁ። «ልክ ካሰርኩትማ እርስዎ ምን ሊያዩ ነው?» አለችኝ። ምላሷ እንደ ሁልጊዜው ነው።

ይግቡና በደንብ ይዩት ብላኝ ነበር። አልገባሁም። ምክንያቱ ኩራት ነው እንዳትዪ። በጎረቤት ቤት የሚታይ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ሰኔ 21 ዴክ ተውሼ እዚሁ እንዲታይ ወስኛለሁ። አንቺና በኃይሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይበቃል፤ አርባ ደቂቃ ብትዘገዩም ይበቃል። አቶ ቀጄላንም ይዛችኋቸው ኑ። የአንቴናውን ሽቦ ዛሬ ጠዋት በአንድ እግሬ እያነከስኩ በጣራ በኩል አዙሬዋለሁ። ከእንግዲህ ሳሎን ውስጥ ወንበር የት ቢቆም ግድ የለኝም።

መቼም ሪፖርት ካደረግሁ ማረጋገጫ መጠየቅ አለብኝ፤ አሁን ትክክለኛውን ጣቢያ አግኝቻለሁ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሽራዋ ባዶውን ወንበር አራት ጊዜ አየች ብዬ መዝግቤያለሁ። እናትሽ ሰባት ጊዜ ነው ትላለች። ምስሉ ደካማ ስለነበረ ሦስቱ አምልጠውኝ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ቅዳሜ ንገሪኝና መዝገቡን ላርመው።

አጎትሽ ቱሉ እጁን ዘርግቶ ሲመርቃችሁ አይቻለሁ፤ ድምፁ ግን አልመጣልኝም። ቱሉን አውቀዋለሁ፤ ምግብ ሲሸተው ያሳጥራል። የዘለለው ካለ ብዬ እዚህ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ፦ እግዚአብሔር ቤታችሁን በእጁ ይያዝላችሁ። ከማዕዳችሁ እንጀራ፣ ከደጃችሁ እንግዳ አይታጣ። ስትቀያየሙ ጀንበር ሳትጠልቅ የምትታረቁ ያድርጋችሁ፤ በዚህ በኩል ወደ እናትሽ ውጪ። የምትወልዱት ልጅ ጆሮው ይስማ፣ ዓይኑ ይይ፣ ሲሳሳትም ቶሎ ይወቀው። መብራታችሁ አይጥፋ። አሜን በሉ፤ ሁለታችሁም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ እናትሽ ናት፤ ለቅሶ ልደርስ ነው ብላ ተነሥታለች።

አባትሽ