መጀመሪያ እማዬ ትቅመስ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ከቄራው ጀርባ፣ ከቤታችን

ወንድም ጋሼ፣

አለህልኝ አይደል? የሄድክበት መንጋ እንዴት ይዞሃል? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ፤ አንተ ግን እንኳን ቁርበት፣ መቆሚያም የሰጡህ አይመስለኝም። የኛ ወንድ ዕጣው ይኸው ነው፤ ሲጎረምስ ቤቱን ለቆ ከባዕድ ኋላ መሰለፍ።

ትምህርት ትቻለሁ፣ አትቆጣ። መምህሩ ክፍሉ ፊት «ጅብ ሬሳ ለቃሚ ነው» አለ። አብዛኛውን አድነን እንደምንበላ፣ አንበሳም እንደሚቀማን እያወቀ! ደግሞ ተናጋሪው ማን ሆነና? ጥንብ አንሳ! ክንፉን ነከስኩት። ሳያባርሩኝ ራሴ ወጣሁ።

ዋናው ወሬ ግን እሱ አይደለም። እማዬን አንበሳ መታት። ያደነችውን ሊነጥቃት መጥቶ፣ አልለቅም ስትለው በመዳፉ አንዴ። ያ የቀጭኔ ጭን እንደ ብስኩት የሚያደቀው መንጋጋዋ ተሰበረ። አሁን መረቅ በማንኪያ ነው የምሰጣት።

ሕጉን ታውቃለህ፤ ቄራው ምሳ ክፍል ውስጥ አለቃዋ እማዬ ሳትቀምስ ማንም አይነካም። ከሷ ቀጥሎ የመጨረሻ ልጇ፣ ማለት እኔ። እማዬ ቦታዋን ካጣች እኔም፣ የምወልዳቸውም ጅራት ነን። ታዲያ ሰኞ አክስቴ የእማዬ ወንበር ላይ ዘፍ አትልም?

«አክስቴ፣ ተሳስተሻል፤ ያንቺ መስኮቱ ጋ ነው።»

«መንጋጋ የሌላት አለቃ የት አይተሽ ነው፣ አንቺ ምላሳም? ነይ እግሬን ላሺ፣ አጥንት እወረውርልሻለሁ።»

ዘልዬ ገባሁ። ቸኩዬ ቀንድ ነከስኩ በለው፤ ትከሻዬን ቦጭቃ ግድግዳው ላይ ለጠፈችኝ።

ከዚያ ሁለት ቀን አነከስኩ። እግሬ ደህና ነበር። ባልዲ ይዤ ደም ስጠርግ «አንካሲት፣ እዚህም ረስተሻል!» ትለኛለች፤ «እሺ አክስቴ» እላታለሁ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የተባለው ስለ ገዛ ዘሯ መሆኑን ረሳችው!

ዛሬ ጎንበስ ብላ ስትበላ ጆሮዋን ከሥሩ ያዝኩት። ተነቀለ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ጉሮሮዋን ነክሼ ጎተትኳት፤ የጠረግኩት ወለል እንደገና ቀላ። አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ሳቀች። የሰፈሩ ሚዳቋ ሁሉ ጅብ ሲስቅ ደስ ብሎት ይመስለዋል፤ እኛ የምንስቀው ስንነከስና ስንፈራ ነው። ስትስቅ ለቀቅኳት። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

እማዬን አዝዬ አምጥቼ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ሃያ ጅብ እያየ ሥጋውን አላምጬ አጎረስኳት። ቀመሰች። ከዚያ ሁሉም በላ። «ጥርሴ» አለችኝ በተጣመመ አፏ።

አትምጣ። የሄደ ወንድ አይመለስም፤ ደግሞ ደህና ነን። የአክስቴ ሁለት ሴት ልጆች ከኔ ይገዝፋሉ። የናታቸውን ጆሮ ከወለሉ አንስተው በጨርቅ ጠቀለሉት። አላለቀሱም፤ እኔን ብቻ አዩኝ። እኔ እንደሆነ አልፈራም፣ እንዳታስብ።

ፊትህ ይቅና፣ ጥርስህ አይዶልዱም፣ ከአንበሳ መዳፍ ይሰውርህ ብላለች እማዬ፤ ከአፏ ለቃቅሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጥርስ አውጥታ፣ ዓይኗን ገልጣ የተወለደችው እህትህ፣
ጥርሴ

እማዬ አሁን ተኝታለች። እንዳትሰማኝ ትራሱን ነክሼ ስስቅ ነው የቆየሁት።